የሀፍሷ ዝምታ

ይህን ጉድ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የማወራላችሁም እኔው ነኝ። ሌላ ሰው ቢነግራችሁ አሳምሮ ይነግራችሁ ይሆናል፣ ጥፋቴን ግን እንደ እኔ አያውቀውም። ሸዋርካብሽ እባላለሁ፤ ሸማ ተራ ነጠላና ጋቢ መሸጥ ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ሰዉ «እትዬ ሸዋ አፏ አያርፍም» ይላል። እውነታቸውን ነው፣ አያርፍም። ያን ዓመት ግን ይኸው አፌ የሁለት ልጆችን ፍቅር ሊያጠፋው ትንሽ ነበር የቀረው።

ልጁ ኢምራን ይባላል። ወሎዬ ነው፤ ሱቄ በር ላይ አንዲት የስፌት መኪና ዘርግቶ የነጠላ ጠርዝ ይሰፋል፣ የቀሚስ ጥለት ይገጥማል። እናቱ መንዙማ እያለችለት ስላሳደገችው መርገጫውን በእግሩ ሲረግጥ ሳያውቀው ያዜማል። ልጅቱ ሀፍሷ ናት፣ የሐጂ ባህረዲን ልጅ። ሐጂ በልጅነታቸው ከስልጤ መጥተው፣ ዛሬ ዱባይ ተራ ላይ ጫማ በኮንቴነር የሚያስመጡ ጌታ ናቸው። ሀፍሷ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ የአባቷን ሱቅ ከፍታ የምትዘጋው እሷ ናት። አንደበቷን ብትሰሙት! ሊከራከራት የመጣ ደንበኛ ስቆ፣ መርቋት፣ ሁለት ጥንድ ጫማ ይዞ ነው የሚወጣው።

መጀመሪያ የመጣችው የሹራቧን አንድ ቁልፍ ልታሰፋ ነው። በሳምንቱ ሌላ ቁልፍ። በሦስተኛው ሳምንት ሹራቡን ተቀብዬ አገላብጬ አየሁት፤ ክሩ በጥርስ ተበጥሷል።

«ይቺ ቁልፍ በራሷ አልወለቀችም» አልኳት።

«ታዲያ ምን ሆና ነው እትዬ?» አለች፣ ዓይኗን ከኢምራን ላይ ሳትነቅል።

«በልተሻት ነዋ።»

ኢምራን አጎንብሶ ክር መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ሊያስገባ ይታገል ጀመር። አልገባ አለው። ከልጅነቱ መርፌ የያዘ እጅ ያን ቀን ቀዳዳዋን አጣት፤ ያኔ ነገሩ ገባኝ።

ከዚያ በኋላ ደብዳቤ አመላላሽ ሆንኩ። እሱ ይጽፋል፣ እኔ በታጠፈ ነጠላ መሃል አድርጌ ዱባይ ተራ አደርሳለሁ፤ መልሷም በዚያው ይመጣል። ያን ዓመት ሀፍሷ የገዛችኝን ነጠላ ብዛት ያየ ሰው ቤታቸው በየሳምንቱ ሠርግ ያለ ይመስለዋል። ደብዳቤዎቹን ግን አንብቤያቸው አላውቅም። አንዱን ብቻ አንብቤያለሁ። እሺ፣ ሁለቱን።

ሚሊኒየሙን ባከበርን በዓመቱ፣ ኢድ ባለፈ ሰሞን፣ ለሀፍሷ ሽማግሌ ሊላክ ነው የሚል ወሬ መጣ። ጠያቂው ኢርፋን ይባላል፤ አባቱ የሐጂ የረጅም ዘመን የንግድ ወዳጅ ናቸው። ክፉ ልጅ ቢሆን ደስ ባለኝ፣ አይደለም። ጨዋ ነው፣ ሰው አክባሪ ነው፣ ለንግድ ቻይና ይመላለሳል። የኛ ልጅ ደግሞ ያለው አንዲት መኪናና የሰው በረንዳ ነው።

ካነበብኳቸው ሁለት ደብዳቤዎች አንዱ በዚያ ሳምንት ሀፍሷ ለኢምራን የጻፈችው ነው። «ሐሙስ አባዬ ይጠይቀኛል። በእኛ ደንብ ልጃገረድ ስትጠየቅ አዎ አትልም፣ ታፍራለች። ካልፈለገች ትናገራለች፤ ዝም ካለች ፈቅዳለች ማለት ነው። እኔ ዝም አልልም። እምቢ እላለሁ፤ በዚያው አፌም ያንተን ስም እጠራለሁ። እትዬን ላካት፣ በጆሮዋ ሰምታ ትንገርህ።»

ኢምራን ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ያን ቀን ሲያዜም ድምፁ ከሌላው ቀን ከፍ ያለ ነበር።

*

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ስድስት ነጠላ ይዤ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ካለው ቤታቸው ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ ሳሎን ተቀምጠዋል፤ እኛ ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲህ ነን። ሀፍሷ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ቀኝ እጇን በግራ እጇ ታሻለች። «ከጠዋት ጀምሮ ራሴን አመመኝ ስትል ነው የዋለችው» አለችኝ እናቷ ሐጀራ።

«በረደሽ እንዴ?» አልኳት ሀፍሷን።

ቀና ብላ አየችኝ። የሆነ ነገር ልትለኝ ፈልጋ ነበር። አሁን አውቃለሁ፣ ያኔ አላወቅኩም።

ሐጂ መጋረጃው ጋ መጥተው ቆሙ። «ሀፍሷ ልጄ፣ የወዳጄ ልጅ ኢርፋን ለጋብቻ ጠይቆሻል። ምን ትያለሽ?»

በይ እንግዲህ፣ አልኩ በሆዴ፣ ያንን አፍሽን ክፈቺው። ሀፍሷ አንገቷን ደፋች። ሻሿ ጉንጯ ላይ ወረደ። እናቷ ያስያዘቻት የውሃ ብርጭቆ ከቀኝ እጇ ተንሸራቶ ምንጣፉ ላይ ወደቀ። «አፈረች፣ አፈረች» አለች አንዲት አክስቷ እየሳቀች። ሐጂ ጥቂት ጠብቀው ደግመው ጠየቁ። ከዓይኗ እንባ ወረደ፣ ከአፏ ግን ምንም አልወጣም።

«አልሀምዱሊላህ። ዝምታዋ ፈቃዷ ነው» አሉና ሐጂ ወደ ሳሎን ተመለሱ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት።

እኔ ነጠላዎቹን እዚያው ጥዬ ወጣሁ። እንባዋን የብልጣብልጥ እንባ አድርጌ ቆጠርኩት፤ በረንዳው አነሰባት፣ ኮንቴነሩ በለጠባት አልኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ አፍስሼ መልቀሙንም አላሰብኩት። ሸማ ተራ ስደርስ ኢምራን ከመቀመጫው ተነስቶ ጠበቀኝ።

«ምን አለች እትዬ?»

«ዝም አለች።»

«ምንም?»

«ሁለቴ ጠየቋት። ሁለቴም ዝም አለች።»

ተመልሶ ተቀመጠ። እግሩን መርገጫው ላይ አደረገ፣ ግን አልረገጠም። መኪናዋ ያን ቀን ደግማ አልጮኸችም፤ እሱም አላዜመም። ከአጠገቡ ተቀምጬ ነጠላ ስሸጥ አመሸሁ፣ ከንዴቴ ብዛት ዋጋ እንኳ አልተከራከርኩም።

ቅዳሜ ጠዋት ደብዳቤ ሰጠኝ። ሁለተኛው ያነበብኩት ይሄ ነው፤ ሁለት መስመር ስለሆነ ዓይኔ ውስጥ ገባ። «ዝምታሽ ደርሶኛል። ከእንግዲህ ቁልፍሽን ሌላ ሰው ይስፋልሽ።»

ይዤ ሄድኩ። ሐጀራ በሩን ግማሽ ከፍታ «ሀፍሷን ትንሽ አሟታል፣ ሌላ ቀን ነይ» አለችኝ። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። የእናት ፊት መዋሸት አያውቅምና ገፍቼ ገባሁ።

ልጅቱ ፍራሽ ላይ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። አፏ ወደ አንድ ጎን ወርዷል። ቀኝ እጇ የሰው ዕቃ ይመስል ጭኗ ላይ ተቀምጧል። ወረቀቱን በግራ እጇ ተቀብላ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ አንድ በአንድ አነበበችው። ከዚያ እኔን አየችኝና አፏን ከፈተች። «እ... እ... እ...» አለች። ሌላ ፊደል እምቢ አላት። ወረቀቱን ደረቷ ላይ ጨምድዳ ራሷን ከግድግዳው ጋር ታማታ ጀመር።

ያንን አፍ አውቀዋለሁ። ባሌ በስልሳ ሦስት ዓመቱ እንዲሁ አፉ ወርዶ፣ እንዲሁ «እ» እያለ ነው ያለፈው።

«ሐጀራ፣ ይሄ ስትሮክ ነው» አልኳት።

«ዓይን ነው። ሽማግሌ በመጣ ማግስት ነው እንዲህ ሆና የተነሳችው፤ ሼህ ዘይኑዲን ቁርአን እየቀሩላት ነው። ስትሮክ የአዛውንት በሽታ ነው፣ ልጄ ገና ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው።»

«ሐሙስ ዕለት ብርጭቆው ከእጇ ሲወድቅስ? እውነት አፍራ መሰለሽ?»

ሐጀራ አፏን በሻሿ ያዘች። ምንጣፉን አየች፤ ውሃው የፈሰሰበትን ቦታ።

«ዝም አላለችም፣ ሐጀራ። መናገር አቅቷት ነው።»

ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ በእኛ እጅ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ሲነቅዝ ከርሟል።

*

ሆስፒታል የተቀበሉን ዶክተር ዱባለ የሚባሉ፣ ሽበታቸው የወጣ፣ የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። ጭንቅላቷን በማሽን አስነሱት። በግራ በኩል፣ የንግግርን ቦታ የሚመግበውን የደም ሥር የረጋ ደም ደፍኖታል።

«ሐጂ» አሉ ዶክተሩ፣ «ስትሮክ ዕድሜ አይጠይቅም። በወጣት ላይ ሲመጣ ግን እኛ ደሙን ለምን ብለን እንጠይቀዋለን። ከዚህ በፊት እግሯ አብጦ ያውቃል?»

ሐጂ አያውቅም ሊሉ ሲሉ ሐጀራ ቀደመቻቸው። «ያውቃል። የዛሬ ሁለት ዓመት ለአረፋ አገር ቤት ስንሄድ፣ አውቶቡስ ላይ ተቀምጠን ውለን ግራ እግሯ ተነፋ። ወለምታ ነው ብለን ወጌሻ አሸልን።»

ዶክተሩ ዓይናቸውን ለአፍታ ጨፈኑ። «ያም የረጋ ደም ነበር። ፈጣሪ ነው ያተረፋት። ዳግመኛ ቢያብጥ ማንም እንዳይነካው፣ ወደ እኔ ሩጡ።»

ደሟን ቀድተው ግማሹን እዚህ፣ ግማሹን ውጭ አገር ላኩት። መልሱ በሳምንታት ውስጥ መጣ። «ሰው ሲቆስል ደሙ መርጋቱ ጸጋ ነው፣ ባይረጋ ፈስሶ ያልቃል» አሉን። «የሀፍሷ ደም ግን ሳትቆስልም ይረጋል። ሰውነቷ ራሱ የሚሠራው ስህተት ነው። ማንም በዓይኑ አልወጋትም፣ ማንም አልረገማትም፣ እሷም ያጠፋችው ነገር የለም። ደም የሚያቀጥን ክኒን በየቀኑ ትወስዳለች፣ ደሟን እየለካን መጠኑን እንወስናለን። ምርመራውን ከሦስት ወር በኋላ እንደግመዋለን፤ ያኔም ከተገኘ መድኃኒቱ የዕድሜ ልክ ነው።»

«መውለድስ?» አለች ሐጀራ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ትወልዳለች፤ ከማርገዟ በፊት ግን እኔ ጋ ትምጣ፣ መድኃኒቱ ይለወጥላታል። ደግሞ ጎመን የክኒኑን ኃይል ይቀንሳልና አንድ ቀን ሰሃን ሙሉ፣ አንድ ቀን ባዶ አይሁን። ሁልጊዜ በልክ።»

ሁሉን ችላ የሰማችው ሐጀራ ጎመን በልክ ሲባል ነው እንባዋ የመጣው። የቤቷ ማዕድ እንኳ መለካቱ ነው የከበዳት።

ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። በዚያው ቅዳሜ ከሆስፒታል በቀጥታ ወደ ሸማ ተራ ሮጬ ነበር።

«ኢምራን፣ ይሄን ምላሴን በመቀስህ ቁረጠው» አልኩት። «ልጅቱ ዝም አላለችም። ታማ ነው። ደምዋ ረግቶ አንደበቷን ዘጋባት። ያንን ደብዳቤህን ደግሞ አንብባዋለች።»

መለኪያ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ሄደ። መኪናዋን እንኳ አልሸፈናትም፤ እኔ ነኝ የሸፈንኩለት።

በማግስቱ አብሬው ሆስፒታል ነበርኩ። ሐጂ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ዶክተር ዱባለ እግርጌዋ ቆመዋል። ኢምራን በሩ ላይ ቆመ፣ መግባት ፈራ። ሀፍሷ አየችው። በዚያ በወረደ ፊቷ ላይ ዓይኗ ብቻ ሙሉ ነበር፣ እንደ ድሮው። ግራ እጇን ወደ ሹራቧ አምጥታ አንዷን ቁልፍ ያዘች፣ ጠመዘዘች፣ ጎተተች። ክሩ ተበጠሰ። ቁልፏን በመዳፏ አድርጋ ወደ በሩ ዘረጋችለት።

ኢምራን ገብቶ ተቀበላት። እጃቸው አልተነካካም፣ ቁልፏ ብቻ ተላለፈች። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፤ ሹል አፍ ያላት ሴትም ታለቅሳለች።

«አንተ ማነህ?» አሉ ሐጂ።

«ኢምራን እባላለሁ። ሸማ ተራ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሐጂ፣ ሐሙስ ዕለት ሀፍሷ እሺ አላለችም። እምቢ ልትል ነበር። በእጅዋ የጻፈችው ደረት ኪሴ ውስጥ ነው።»

ሐጂ ወረቀቱን ለማየት እጃቸውን አልዘረጉም። «በሽማግሌ ፊት የሰጠሁትን ቃል ወረቀት አያነሳውም። የኢርፋን አባት መታመሟን ሰምቶ ትናንት መጣ። ምን አለኝ መሰለህ? ታማ አንጥላትም አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው በምን አፌ ሂድ ይባላል? አንተስ በአንዲት መኪና መድኃኒቷን ታሟላለህ?»

«መኪናዋ አንዲት ናት፣ እግሬ ግን አይደክምም። ለማንኛውም እኔን ተዉኝ፣ ራሷን ይጠይቋት።»

ሐጂ ወደ ዶክተሩ ዞሩ። ዶክተር ዱባለ ሀፍሷ ላይ ጎንበስ ብለው «ስምሽ ሀፍሷ ነው?» አሏት። ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች። «ስምሽ ምስራ ነው?» ነቀነቀች። መሳሳቷን ወዲያው አወቀችና ፊቷን በትራሱ ሸፈነች።

«ትሰማለች፣ ትረዳለች» አሉ ዶክተሩ። «አዎንና አይደለምን ግን አእምሮዋ ያደባልቅባታል። መጻፉም እንደዚያው ነው። ይመለሳል፣ ጊዜ ይፈልጋል።»

ሐጂ ተነሱ። «እንግዲህ ስማ ልጄ። ኒካሁ በጥር ነው፣ ኢርፋን መንገድ ከመሄዱ በፊት። ያን ቀን ሼህ ዘይኑዲን ይጠይቋታል። በራሷ አንደበት፣ ማንም በማይጠራጠረው ቃል እምቢ ካለች፣ የሽማግሌዎቹን ጉልበት ስሜ ቃሌን እመልሳለሁ። መናገር ካቃታት ግን አባቷ እኔ ነኝ፣ ለእሷ የሚሻለውን እኔ አውቃለሁ።»

ኢምራን ቁልፏን ጨብጦ ወጣ። ሦስት ወር ነበረን፣ ለአንዲት ቃል።

*

ወር አለፈ፣ ሀፍሷ ውሃ ማለት አልቻለችም። እግሯ እየበረታ ሄደ፣ አፏም ተስተካከለ፣ ቃል ግን የለም። አንድ አርብ ሐጀራ ልብስ እያጣጠፈች ሰለዋት፣ የነቢዩን ውዳሴ፣ ስታዜም ከኋላዋ ሌላ ድምፅ ተቀበላት። ሀፍሷ ናት። ቃሉን ሳትሰብር፣ ዜማውን ሳትስት። ሐጀራ ዘወር ብላ «ስምሽ ማነው?» አለቻት። «እ... እ...» አለች ልጅቱ።

ዶክተሩ ይህን ሲሰሙ ሳቁ። «ዜማ የሚቀመጠው በሌላው ጎን ነው፣ እሱ አልተነካም። በሩ ከተዘጋ በመስኮት ግቡ። የምትፈልገውን ቃል በዜማ አድርጋችሁ ስጧት።»

በዜማ? ሸማ ተራ በዜማ የሚሰፋ ልጅ እያለኝ?

ኢምራን ባዶ ካሴት ገዛ። ቴፑን መኪናዋ ላይ አስቀምጦ መርገጫውን እየረገጠ፣ ጠቅ ጠቅ፣ ጠቅ ጠቅ፣ በእናቱ የመንዙማ ስልት ቃል በቃል አዜመላት። ውሃ ስጡኝ። ደህና አደራችሁ። ስሜ ሀፍሷ ነው። እማዬ። አባዬ። መድኃኒቴን ዋጥኩ። ደብዳቤ የነበረው ካሴት ሆነና በታጠፈ ነጠላ መሃል ወሰድኩላት። ድምፁን ስትሰማ ግራ እጇ ጭኗ ላይ በመኪናዋ ምት መምታት ጀመረ። በሦስተኛው ሳምንት «ው... ሃ... ስ... ጡኝ» አለች። ሐጀራ ጆጉን ከነውሃው አምጥታ ፊቷ ተንበረከከች።

ከዚያ ቴፑን አየች። «የማነው ይሄ ድምፅ?»

እኔ ጣራውን አየሁ። ሐጀራ ካሴቱን አገላበጠችው፣ የልጇን ፊት አየች፣ ከዚያ መልሳ አስገባችው። «እንግዲያው ድምፁን ቀንሺው፣ አባትሽ ሊመጣ ነው» አለቻት።

አረፋ መጣ፣ አለፈ። ካሴቱ ሁለት፣ ሦስት ሆነ። የመጨረሻውን ሲሰጠኝ ጠየቅኩት፤ «እምቢ የሚለውን አስገባህ?»

«አላስገባሁም።»

«ስምህንስ?»

«እሱንም።»

«አንተ ልጅ አብደሃል? ኒካሁ እኮ በሚቀጥለው ሳምንት ነው።»

«እትዬ፣ ያንን ቃል እኔ ካስተማርኳት የእኔ ቃል ይሆናል» አለኝ፣ ከመርፌው ላይ ዓይኑን ሳያነሳ። «ኢርፋንን ትፈልግ ይሆናል። ታማ ሳለች ያልጣላት ሰው ነው። በካሴቱ ሁለተኛ ገጽ መኪናዋን ብቻ ነው የቀዳሁት፤ የምትፈልገውን ቃል ራሷ ታስገባበት።»

ተናድጄ ሁለት ቀን አኮረፍኩት። በሦስተኛው ቀን ግን ተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ለሁለቱም ተሳልኩ፤ እንዲህ የሚያፈቅር ሰው በሕይወቴ አላየሁም ነበር።

*

የኒካሁ ቀን ቤቱ በሰው ሞላ። ኢርፋንና አባቱ ሳሎን ናቸው። ኢምራን ሸማ ተራ መኪናው ላይ ነው፤ መጥቼ ልንገርህ ስለው «አሁንስ አይቸኩሉ» ብሎኛል። ሀፍሷ ነጭ ለብሳ ከመጋረጃው ወዲህ ተቀምጣለች፣ እናቷ በግራ፣ እኔ በቀኝ።

ሼህ ዘይኑዲን ከመጋረጃው ማዶ ሆነው ለስለስ ባለ ድምፅ ጠየቁ። «ሀፍሷ ልጄ፣ ለባህረዲን ወዳጅ ልጅ ለኢርፋን ኒካሽ እንዲታሰር ትፈቅጃለሽ?»

አፏ ተከፈተ። «እ...» አለች። ላብ ግንባሯ ላይ ወጣ። አሁንም «እ...»። ያቺ የሐሙሷ አክስት «አፈረች» ብላ ለእልልታ ምላሷን ስታዘጋጅ በመዳፌ አፏን ያዝኩት። ይቅር ትበለኝ፣ አጥብቄ ነው የያዝኩት።

ያኔ ግራ እጇ ተነሳ። ጭኗን መታች። ጠቅ ጠቅ፣ ጠቅ ጠቅ። ሴቶቹ ምን እንደሆነ አልገባቸውም፤ እኔ ግን ሃያ ሁለት ዓመት የስፌት መኪና ሲረገጥ እየሰማሁ የኖርኩ ሴት ነኝ።

«አ... ባ... ዬ» አለች በዜማ። ከመጋረጃው ማዶ አንድ ሰው ትንፋሹን ሲስብ ተሰማ። «አባዬ። እም... ቢ።»

«ምን አልሽ ልጄ?» አሉ ሼሁ።

እጇን ከጭኗ አነሳች። ዜማውን ተወችው። «እምቢ» አለች፣ ደረቅ አድርጋ፣ ዱባይ ተራ ዋጋ እንደምትቆርጥበት ድምፅ። «ኢርፋን... ወንድሜ ነው። ባሌ... ኢምራን።»

መጋረጃው ተገፈተረና ሐጂ ባህረዲን ገቡ። ፊታቸው ቀልቷል፣ ሴቶቹ ወደ ግድግዳው ሸሹ።

«ድገሚው» አሉ።

«እም...»

«እሱን አይደለም። የመጀመሪያውን።»

ሀፍሷ አየቻቸው። «አባዬ» አለች።

ያ ትልቅ ነጋዴ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ሦስት ወር ሙሉ ያንን ቃል ከልጃቸው አፍ አልሰሙም ነበር። ጭንቅላቷን ደረታቸው ላይ አስደግፈው በሰው ፊት አለቀሱ፤ እኛም አለቀስን፣ አፏን የያዝኳት አክስት ሳትቀር።

ቃላቸውን ለመመለስ ሳሎን ገብተው ሊያጎነብሱ ሲሉ ኢርፋን ክንዳቸውን ያዘ። «ተናገረች እኮ ሐጂ» አላቸው፣ ዓይኑ እርጥብ ሆኖ። «ከዝምታዋ ጋር ብትድሩኝ ኖሮ ዕድሜ ልኬን ምን ልትል ነበር እያልኩ መኖሬ ነበር። አላህ አተረፈኝ።» ክፉ ልጅ አይደለም ብያችሁ የለ።

ሸማ ተራ ደርሼ ኢምራን ፊት ስቆም የምለው ጠፋኝ። «ተናገረች» ብቻ አልኩት። ምን ብላ አላለኝም። ፊቴን አይቶ ግንባሩን መኪናዋ ላይ ደፋ።

ሰኞ ዕለት ሐጂ በእግራቸው ሸማ ተራ መጡ። ኢምራን ብድግ አለ።

«ቤቴ ውስጥ የስፌት መኪና የለም» አሉት። «ሁለት ወር ሙሉ ግን የስፌት መኪና እየሰማሁ ቁርሴን በላሁ። ሰምቼ ዝም አልኩ። ትናንት ካሴቱን ገልብጬ አዳመጥኩት፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ቃል የለም። ለምንድነው?»

«ቃሉ የእሷ እንዲሆን ብዬ ነው ሐጂ።»

ሐጂ ሜትሩን ከአንገቱ ላይ አስተካከሉለት፣ እንደ አባት። «ሽማግሌ ላክ» አሉት። ጥቂት ሄደው ተመለሱ። «ሸዋርካብሽን ግን እንዳትልካት።»

የተደገመው ምርመራ ያንኑ አሳየ፤ ክኒኑ የዕድሜ ልክ ነው። ኢምራን በእያንዳንዱ ቀሚሷ ውስጥ ትንሽ ኪስ ሰፋላት፣ ደም ማቅጠኛ እንደምትወስድ የሚናገረውን ካርድ ይዛው እንድትዞር። ሀፍሷም ሱቋን ከፈተች። ዋጋ ሲከራከሯት አንዳንድ ቃል ይጠፋታል፤ ጠረጴዛውን በጣቷ ትመታና ታገኘዋለች።

በሚያዝያ ሼህ ዘይኑዲን እዚያው መጋረጃ ጋ ቆመው ለኢምራን ጠየቋት። «አንደበትሽን አላድክም ልጄ» አሏት ደግሞ። «ዝም ብትዪም ፈቃድሽ ይገባናል።»

«ዝም አልልም» አለች ሀፍሷ፣ ሳትሰብር፣ ሳታዜም። «እሺ። እሺ። እሺ።»

«ኧረ ትንሽ እንኳ ትፈር፣ ሙሽራ እኮ ናት» አለች አክስቷ።

ከመጋረጃው ማዶ የሐጂ ባህረዲን ድምፅ መጣ። «ተዪያት፣ ልጄ ትናገር።»